መክቶ መመለስ በቀል አይደለም

ከጥቂት ዓመታት በፊት በክረምቱ ማብቂያ ላይ ዘመድ ጥየቃ ወደ ሐሙሲት ሄጄ ነበር። ሐሙሲትን ለማያውቃት አንባቢ፣ ከባሕር ዳር ወደ ወረታና ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በደቡብ ጎንደር ደራ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟ እንደሚናገረው ገበያዋ ሐሙስ ነው። እኔም የደረስኩት በገበያው ቀን ነበር። እህቴ ቤት ስገባ የ17 ዓመት ልጇ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መደብ ላይ ተጋድሟል። የግራ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል።

‹‹እስኪ አንተ ጠይቀው፤ ለእኔ አልናገር ብሏል›› አለችኝ እህቴ።

ማታ እራት ከተበላ በኋላ ልጁ ራሱ መጣ። ‹‹ጋሼ፣ አዲስ አበባ ሳሉ ቦክሰኛ ነበሩ አይደል? አንድ ነገር ብቻ ያስተምሩኝ። እንዴት አድርጌ እንደምመታው›› አለኝ። ማንን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። እህቴ ግን ከጓዳ ሰምታ ኖሮ ብቅ አለች። ‹‹ልጄን ድብድብ ልታስተምርልኝ ነው የመጣኸው? ዛሬ ይመታል፣ ነገ ይመቱታል። ከዚያ ዱላ ይመጣል። ከዱላ በኋላ የሚመጣውን ደግሞ አንተው ታውቀዋለህ።››

አውቀዋለሁ። እኛ አገር ‹‹የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም›› የሚባለው ለተረት ያህል አይደለም። በጥፊ የተጀመረ ጠብ ቤተሰብ ለቤተሰብ ሲያፋጅ አይተናል። ቢሆንም ልጁን እምቢ ብለው ሌላ አስተማሪ እንደሚፈልግ ገባኝ። ስለዚህ በሁለት ነገር ተስማማን። አንደኛ፣ የሚማረው ቀድሞ መምታት ሳይሆን አለመመታትን ነው። ሁለተኛ፣ ትምህርቱ እስኪያልቅ ድረስ ነገሩን ለሽማግሌ ይተዋል። እያጉረመረመም ቢሆን እሺ አለ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ያሳየሁትን ነገር ቦክሰኞች መክቶ መመለስ፣ ወይም መልሶ ማጥቃት ይሉታል። ቦክስን የሚወድም የሚጠላም አንባቢ ሊያውቀው ይገባል ብዬ ስለማስብ እነሆ እጽፈዋለሁ።

እኔም ችኩል ነበርኩ

አዲስ አበባ የሄድኩት በ19 ዓመቴ ለቀን ሥራ ነበር። ከሥራ በኋላ በአንድ የወጣቶች ማዕከል ቦክስ መማር ጀመርኩ። የሚመሰገንልኝ ድፍረቴ ነበር። ያጠፋኝም እሱው ነው። ደወል ሲደወል ወደፊት እሄዳለሁ፣ እሰነዝራለሁ፣ እንደገና እሰነዝራለሁ። በመጀመሪያ ግጥሚያዬ የገጠመኝ ክንዱ የቀጠነ፣ ከእኔ ይልቅ ተማሪ የሚመስል ልጅ ነበር። አንድም ጊዜ አላባረረኝም። እኔ በሰነዘርኩ ቁጥር የእኔ ቡጢ የእሱን ጓንት፣ የእሱ ቡጢ የእኔን አፍንጫ ያገኛል። ሦስቱንም ዙር ተሸነፍኩ። ‹‹ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል›› ማለት እንዲህ ነው።

አሰልጣኛችን አፍንጫዬን በጥጥ እየጠረገ ‹‹አንተን የመታህ እሱ አይደለም፤ የሰደድከው እጅህ ነው›› አለኝ። ያኔ አልገባኝም። ለወራት ‹‹ያዝ፣ መልስ! ያዝ፣ መልስ!›› እያለ ቢያሠራኝም አልሆነልኝም። ቡጢውን በጓንቴ እይዛለሁ፣ ከያዝኩ በኋላ አስባለሁ፣ ካሰብኩ በኋላ እሰነዝራለሁ። እስከዚያ ድረስ ተጋጣሚዬ ቦታውን ለቋል።

የገባኝ አንድ እሑድ ቀን ነው፤ ልጅነቴ ትዝ ሲለኝ። ከብት ስንጠብቅ በዱላ ምክቶሽ እንጫወት ነበር። ጓደኛህ ዱላውን ከላይ ያወርደዋል። አንተ በሁለት እጅህ በያዝከው ዱላ የላይኛው ጫፍ ትቀበለዋለህ። ልክ ሲነካህ የታችኛው ጫፍ በራሱ ዞሮ የጓደኛህ ጎን አጠገብ ይደርሳል። እዚያ ላይ ትገታዋለህ፤ ጨዋታ ነውና። ልብ በሉ፣ መከታውም መልሱም አንድ ዱላ ነው። መጀመሪያ መክተህ ኋላ የምትመልሰው ነገር የለም። መመከቱ ራሱ መመለስ ነው። ሰኞ ዕለት ለአሰልጣኛችን ስነግረው ሳቀ። ‹‹ታዲያ ይህን እያወቅህ ምን ያለፋሃል?›› አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ እጄ ተፈታ።

ለመሆኑ ለምን ይሠራል?

አንድ ቡጢኛ ሲሰነዝር ሦስት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ አገጩን ይጠብቅ የነበረው እጅ ቦታውን ይለቃል። ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን እጁ ሄዶ እስኪመለስ ድረስ በዚያ በኩል በሩ ክፍት ነው። ሁለተኛ፣ የሰውነቱ ክብደት ወደፊት ይሄዳል። ወደፊት እየሄደ ያለ ሰው በዚያው ቅጽበት ወደኋላ መሸሽ አይችልም፤ ቡጢህ ሲያገኘው የእሱም ፍጥነት በአንተ ላይ ይደመራል። ቆሞ ከተመታው ሰው ይልቅ እየመጣ የተመታው የሚወድቀው ለዚህ ነው። ሦስተኛ፣ ሐሳቡ መምታት ላይ ነው። ሰው ሊመታ ሲነሣ ስለ መመታት አያስብም።

ስለዚህ መክቶ የሚመልስ ቡጢኛ በር አይሰብርም። ባለቤቱ ራሱ ሊወጣ ሲከፍት ጠብቆ ይገባል።

የመጀመሪያው ትምህርት፡- ጃብን ይዞ በጃብ መመለስ

የእህቴን ልጅ ያስጀመርኩት ከአቋቋም ነው። ቀኝ እጁን ለሚያዘወትር ሰው ግራ እግር ከፊት፣ ቀኝ እግር ከኋላ፤ በመካከላቸው የትከሻ ያህል ስፋት። ጉልበት ትንሽ ሰበር፣ የኋላው ተረከዝ ከመሬት ትንሽ ከፍ። አገጭ ወደ ደረት ዝቅ። ቀኝ እጅ ጉንጭ አጠገብ፣ ግራ እጅ ትንሽ ወደፊት፣ ክርኖች ጎንን የሚጠብቁ። ሁለት ቀን ሙሉ ከዚህ ሌላ አላሠራሁትም። እግር ካልቆመ እጅ አይመክትምና።

ጃብ የሚባለው ከፊት ያለችው እጅ የምትሰነዝራት ቀጥተኛ ቡጢ ናት። በቦክስ ከሁሉም የምትበዛው እሷ ስለሆነች መመከትም የሚጀመረው ከእሷ ነው። ተጋጣሚ ጃብ ሲሰድድ የቀኝ እጅህ መዳፍ ከጉንጭህ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ቡጢውን ይቀበለዋል። ከፊትህ ግማሽ ስንዝር ያህል ቢርቅ ይበቃል። ኳስ እንደሚቀልብ በረኛ ወደፊት ተዘርግቶ ሳይሆን፣ እንደተዘጋ መስኮት ባለበት ቆሞ ነው። መዳፉ ቡጢውን በያዘበት ቅጽበት የግራ እጅህ ጃብ በቀጥታ ይሄዳል። የፊት እግርም አብሮ ጥቂት ጣት ያህል ይገፋል።

ልምምዱ ሦስት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ በሁለት ምት ይሠራል፤ ‹‹ያዝ›› ከዚያ ‹‹መልስ››። ሲለመድ ምቶቹ ይቀራረባሉ። በመጨረሻ አንድ ይሆናሉ፤ የቀኙ መያዝና የግራው መሄድ አንድ ድምፅ ብቻ ያሰማል። ይኸው የምክቶሹ ዱላ ማለት ነው። አጋርህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ብቻ ተጠቅሞ በቀስታ ይሰንዝር። የሚጣደፍ ሰው የሚማረው መፍራትን ብቻ ነው።

የሄደ እጅ መመለስም አለበት። ደብረ ታቦርና ዙሪያዋ በነሐሴ ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ሰው ይህን ለማስረዳት አያስቸግርም። ጅራፍ የሚጮኸው ሲወረወር ሳይሆን በቅጽበት ሲመለስ ነው። ጃብም እንደሄደ ፈጥኖ ወደ ጉንጭ ካልተመለሰ፣ የከፈትከው በር የአንተው ይሆናል።

ሁለተኛው ትምህርት፡- ሸርተት ብሎ መመለስ

ሁለተኛው መንገድ ቡጢውን ጨርሶ አለመንካት ነው። ጃብ ሲመጣ ጭንቅላትህን ወደ ቀኝህ ጥቂት ታዘነብላለህ። የሚንቀሳቀሰው ግን አንገት ብቻ አይደለም፤ ወገብና ጉልበት አብረው ይዞራሉ። ቡጢው በግራ ጆሮህ አጠገብ ያልፋል። ቡጢው ሊያልፍ ጆሮህን ቢነካ እንኳ ግድ የለም፤ ከሚገባው በላይ የራቀ ሰው መልስ መስጠት አይችልም። በዚያች ቅጽበት ክብደትህ በቀኝ እግርህ ላይ ነው፤ እንደተጎተተ ቀስት ማለት ነው። ሲለቀቅ ቀኝ እጅ ቀጥ ብሎ ወደ አገጭ ወይም ወደ ሆድ ይሄዳል።

ወደ ቀኝ የምናዘነብለው በከንቱ አይደለም። ሁለታችሁም ግራ እግር ከፊት አድርጋችሁ ከቆማችሁ የተጋጣሚህ ግራ እጅ ያለው በአንተ ቀኝ በኩል ነው። ወደዚያ ብትወጣ ከክንዱ ውጪ ትሆናለህ፣ ቀኝ እጁም ይርቅሃል። ወደ ግራ ብትሄድ ግን ራስህን ለቀኙ ታቀርብለታለህ። ይህን ለመለማመድ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። እኛ በሁለት ባሕር ዛፍ መካከል በልጁ ትከሻ ልክ ገመድ ወጠርን። እሱም ከገመዱ ግራና ቀኝ ጭንቅላቱን እያመላለሰ፣ ደረጃ በደረጃ ወደፊት እየሄደ ሠራ። እህቴ ከበር ቆማ አይታ ‹‹ይኼስ ቢያንስ ማንንም አይጎዳ›› አለች።

ዓይን የት ይረፍ?

ልጁ በአራተኛው ቀን ‹‹ጋሼ፣ እጅዎ ሲመጣ አያለሁ፤ ግን ሳየው ደርሷል›› አለኝ። ትክክል ነበር። ዓይን አይቶ እጅ እስኪታዘዝ ድረስ የአንድ ሰከንድ አምስተኛ ያህል ይፈጃል። የሠለጠነ ቡጢኛ ጃብ የሚወስደው ጊዜም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ቡጢውን አይቶ የሚመክት ሰው ሁልጊዜ ዘግይቷል።

መላው ቡጢውን ሳይሆን ቡጢውን የሚልከውን ማየት ነው። እጅ ከመሄዱ በፊት ትከሻ ይነሣል፣ የፊት እግር ይጭናል፣ ክርን ከጎን ይለያል። አንዳንዱ ትንፋሹን ይስባል፣ አንዳንዱ ከንፈሩን ይነክሳል። ዓይንህን ከተጋጣሚህ አንገት በታች፣ ደረቱ ላይ ብታሳርፍ ሁለቱንም ትከሻ ባንድ ጊዜ ታያለህ። ዓይኑን ብቻ ብታይ ሊያታልልህ ይችላል፤ እጁን ብቻ ብታይ ትዘገያለህ።

የሚበዙት ስህተቶች

አንደኛው ቡጢውን ሊይዙ እጅን ወደፊት መዘርጋት ነው። ብልህ ተጋጣሚ ይህን ካየ ጃብ የሰደደ መስሎ እጅህን ያስወጣና በጎን በኩል ያገኝሃል። ሁለተኛው ዓይንን መጨፈን ነው። ይህ በተግሣጽ አይለቅም፤ በቀስታ በተደጋገመ ልምምድ ብቻ ይለቃል። ሦስተኛው ትንፋሽን መያዝ ነው። በሦስት ደቂቃ ዙር ትንፋሹን የያዘ ሰው በሁለተኛው ደቂቃ እጁ ይወርዳል።

አራተኛው አብዝቶ መጠበቅ ነው። በአማተር ቦክስ እስከ 2012 (እ.ኤ.አ.) የለንደን ኦሎምፒክ ድረስ ዳኞች ያረፈውን ቡጢ በኮምፒዩተር ይቆጥሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ዙሩን ላሸነፈው 10 ነጥብ እየሰጡ ነው የሚዳኙት። ንጹሕ ምትን ብቻ ሳይሆን ግጥሚያውን ማን እንደመራው ጭምር ያያሉ። መልስ ሊሰጥ ቆሞ ያልተጠየቀ ሰው ዙሩን ያጣል። ስለዚህ አዋቂው ራሱ ይጠይቃል፤ ትንሽ ጃብ ሰድዶ፣ ወይም ሆን ብሎ ክፍት ቦታ አሳይቶ ተጋጣሚው እንዲመጣ ይጋብዘዋል።

አምስተኛውና ከሁሉ የከፋው ንዴት ነው። የተናደደ ሰው ትከሻ አያይም። የሚያየው ቅድም የተመታበትን ቡጢ ነው፤ ያ ቡጢ ደግሞ አልፏል። የሚመጣው ሌላ ነው። በቀልና መክቶ መመለስ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። በቀል ለትናንቱ ቡጢ የሚሰጥ መልስ ሲሆን መክቶ መመለስ ግን አሁን እየመጣ ላለው ነው።

ከኪንሻሳ እስከ ላስ ቬጋስ

ዓለም የማይረሳው ምሳሌ የመሐመድ አሊ ነው። ጥቅምት 20 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ እኛ አገር ንጉሡ ከወረዱ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ አሊ ኪንሻሳ ላይ ጆርጅ ፎርማንን ገጠመ። አሊ 32፣ ፎርማን 25 ዓመታቸው ነበር። ፎርማን ጆ ፍሬዘርንና ኬን ኖርተንን እያንዳንዳቸውን በሁለት ዙር ውስጥ የጣለ ሰው ነው። አሊ በገመዱ ላይ ተደግፎ፣ ፊቱን በክንዶቹ ሸፍኖ እንዲመታው ፈቀደለት፤ በየመካከሉ ግን በፈጣን ቡጢ ይመልስ ነበር። ፎርማን ክንዱ ሲዝል በስምንተኛው ዙር ተዘረረ።

ሁለተኛው ምሳሌ የሜክሲኮው ሁዋን ማኑኤል ማርኬዝ ነው። ከፊሊፒንሱ ማኒ ፓኪያዎ ጋር ሦስት ጊዜ ተጋጥሞ አንዱን በአቻ፣ ሁለቱን በዳኞች ውሳኔ ተሸንፎ ወጥቷል። አራተኛው ግጥሚያ በታኅሣሥ 2012 (እ.ኤ.አ.) ላስ ቬጋስ ላይ ተደረገ። በአምስተኛው ዙር ማርኬዝ ተመትቶ ወድቆ ነበር፤ አፍንጫውም ይደማ ነበር። በስድስተኛው ዙር የመጨረሻ ሰከንዶች ፓኪያዎ ሊጨርሰው ዘልቆ ሲገባ ማርኬዝ ቀኙን በመንገዱ ላይ አስቀመጠለት። ፓኪያዎ በግንባሩ ተደፋ። አፍንጫው እየደማ፣ ከሦስት ያልቀኑ ግጥሚያዎች በኋላ ትከሻ ማየት መቻል፣ ትምህርቱ ያ ነው።

አገራችን ከ1964 (እ.ኤ.አ.) የቶኪዮ ኦሎምፒክ ጀምሮ በተለያዩ ጊዜያት ቡጢኞችን ብታሰልፍም ያገኘቻቸው የኦሎምፒክ ሜዳሊያዎች ሁሉ የአትሌቲክስ ናቸው። ጎረቤታችን ኬንያ ግን በ1988 (እ.ኤ.አ.) ሴኡል ላይ በሮበርት ዋንጊላ ወርቅ ወስዳለች።

ዋጋው

የዋንጊላን ስም ካነሣሁ ታሪኩን በግማሹ መተው ደግ አይደለም። ወርቁን ካገኘ ከስድስት ዓመት በኋላ በ1994 ላስ ቬጋስ ካደረገው ግጥሚያ በኋላ በጭንቅላት ጉዳት ሕይወቱ አለፈ። አሊም ከ1984 ጀምሮ ከፓርኪንሰን በሽታ ጋር ኖሮ በ2016 አረፈ፤ የተቀበላቸው ቡጢዎች ለዚህ ድርሻ እንዳላቸው የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው። የኪንሻሳውን ድል የምናደንቀውን ያህል፣ ክንድ ላይ ያረፈ ቡጢም ሁሉ በነጻ እንዳልሆነ ማወቅ አለብን።

ስለዚህ መከላከልን የሚማር ወጣት እነዚህን አይርሳ። ልምምድ በጥርስ መከላከያና በወፍራም ጓንት ይሁን፤ ለእርስ በርስ ልምምድ 16 አውንስ የተለመደ ነው። ከአዋቂዎቹ የወንዶች ውድድር የጭንቅላት መከላከያው ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መነሣቱን አይቶ ጀማሪ አይከተል። ጭንቅላቱን ተመትቶ ያዞረው፣ ያቅለሸለሸው ወይም የሆነውን የረሳ ልጅ በዚያው ቀን ወደ ልምምድ አይመለስ፤ ሐኪም ይየው። መክቶ የመመለስ ጥበብ ዋናው ጥቅሙም ይኸው ነው፤ ለሽንፈት ሳይሆን ለጭንቅላት ሲባል ጥቂት ቡጢ መቀበል።

ትከሻውን ያየ ልጅ

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የልጁ ዓይን እብጠት ጎድሎ ነበር። በጓሮ ቆመን ሦስት ጃብ ሰደድኩለት፤ ሦስቱንም ያዘ። አራተኛውን ስሰድድ የያዘው እጁን ድምፅ ከመስማቴ በፊት ግራ ቡጢው አፍንጫዬ ስር ደርሶ ቆመ። አልነካኝም። እንደ ምክቶሹ ገታው። እህቴ ከበሩ ሆና ‹‹እሱስ ድሮም ከእኔ ኩርኩም እንዴት እንደሚያመልጥ ያውቅበታል›› ብላ ሳቀች። ከመጣሁ ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ሽማግሌዎቹም በእሑዱ ተቀመጡ። ሁለቱ ልጆች ጉልበት ስመው ታረቁ። እርቅ ግን በአንድ ቀን አይጠናም፤ እኔም ልቤ አላረፈም ነበር።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ ከወር በኋላ ስልክ ደወለ። ሐሙስ ገበያ ላይ ያው ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ሲያልፍ ገፈተረኝ አለ። ‹‹እና ምን አደረግህ?›› አልኩት፤ መልሱን እየፈራሁ።

‹‹ምንም። ሊሰነዝር ሲል ትከሻውን ቀድሜ አየሁት። ወደኋላ አልኩ፤ እጁ አየር መታ። ሰዉ ሳቀበት። እኔም ለእናቴ ጨው ገዝቼ ወደ ቤት ገባሁ።››